ምሕረት ቤት ለቤት፦ ከአልጋ ላይ የተጻፈ ግምገማ

በነጻ ያገኙትን ነገር መገምገም ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ያድላሉ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «የእኛዎቹ መበለቶች እየተዘለሉ ነው» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ታዲያ «የተሰጣችሁን ብሉና ዝም በሉ» አላሉም። ውለታ ቢሶች ብለውም አልተቆጡም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፣ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ ሥራውን አስረከቧቸው። የሰባቱን ስም ልብ ብላችሁ አንብቡት። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጢሞና እያለ ይሄዳል። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ማደሉ የተሰጠው ቅሬታ ላቀረበው ወገን ይመስላል። እንዲህ ያለ የቅሬታ አያያዝ በሠራሁባቸው ሆቴሎች ሁሉ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ያለ ሐፍረት እገመግማለሁ። የምገመግመው አንዲት ቤተ ክርስቲያን በበጎ ፈቃደኞች የምትሰጠውን የሕሙማን አገልግሎት ነው። ታመው ቤት የዋሉ ሰዎችን ሄደው ያያሉ። ያጥባሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ፣ መድኃኒት ቤት ይላካሉ፣ ሐኪም ጋ ያደርሳሉ። ክፍያ የለውም። ስማቸውን አልጽፍም። የማመሰግናቸው ስማቸው እንዲወጣ አይወዱም፤ የምወቅሳቸው ደግሞ ይከፋቸዋል።

እኔ ዕድሜዬን በሆቴል ሃውስኪፒንግ የጨረስኩ ሴት ነኝ። አልጋ አነጠፍኩ፣ ቆይቶም ሱፐርቫይዘር ሆኜ አስነጠፍኩ፣ ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። በበሩ መቃን ላይ ጣቴን አሳልፌ አቧራ የምፈልግ ዓይነት ሰው ነኝ። ልጆቼ «ከእማዬ ጋር ሆቴል ማደር ቅጣት ነው» ይላሉ። ይህንን የምነግራችሁ ማን እየገመገመ እንደሆነ እንድታውቁት ነው። ጽድቅ ያላቸው ሌሎች ሰዎች ስለ ምሕረት የተሻለ ይጽፋሉ። እኔ የማውቀው እንግዳ አያያዝ ነው።

ዳሌዬ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ በኋላ ቤት ገባሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። መደገፊያ ተሰጠኝ፤ ጎንበስ ማለት ተከለከልኩ። ስልኬ አላረፈም። «አይዞሽ»፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ»፣ «በጸሎት እያሰብንሽ ነው»። የሰው መልካም ምኞት አይናቅም፣ እኔም አልናቅሁም። ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የጠቀሳቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። የተራቆተውንና የዕለት ምግብ ያጣውን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብለው የሚሸኙት። ምኞት አልጎደለኝም። የጎደለኝ ካልሲ የሚያለብሰኝ ሰው ነበር።

አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቁጥራቸውን ሰጠችኝና ደወልኩ። አስተባባሪዋ አነሳች። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠየቀችኝ ግን «ከሁሉ የቸገረዎት ምንድን ነው?» ብላ ነው።

«ካልሲ» አልኳት።

አልሳቀችም። ጻፈችው። በማግሥቱ የመጡት ሁለት ልጆች ገና ሰላም እንዳሉኝ «ካልሲዎቹ የት ናቸው?» አሉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግዳው ለመቀበያው የተናገረው ነገር ክፍሉን ለሚያዘጋጀው ሰው ሳይዛባ ደረሰ ማለት ነው። ስንት ትልልቅ ሆቴል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለ አባልነት እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ይህ የድሮ ክርስቲያኖች ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 ሮምን የገዛው ከሃዲው ዩልያኖስ ክርስትናን ትቶ የቀድሞ አማልክትን አምልኮ ሊመልስ የታገለ ንጉሥ ነበር። በስሙ በተላለፈ አንድ ደብዳቤ ላይ ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት ምሬቱን ይነግረዋል። እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) ከራሳቸው ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ፣ እኛ ግን የራሳችንን አንረዳም ዓይነት ነው ነገሩ። ከጠላት አፍ የወጣ ምስክርነት ስለሆነ እወደዋለሁ። ወዳጅ ያጋንናል። የሚቃወምህ ሰው ተናድዶ የሚጽፍልህ ግምገማ ግን ይታመናል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ከበሩ ልጀምር።

ተነስቼ መክፈት ስለማልችል የቤቴን ቁልፍ ሰጥቻቸዋለሁ። ቁልፉን ይዘው ያንኳኳሉ። ማን እንደሆኑ ይናገራሉ። ይጠብቃሉ። «ግቡ» ካላልኩ አይገቡም። አዲስ ሠራተኛን ይህቺን ነገር ለማስተማር ስንት ጊዜ ጉሮሮዬ እንደደረቀ እኔ ነኝ የማውቀው። የታመመ ሰው ቤት ሁሉም ዘው ብሎ ነው የሚገባው። ጎረቤት ዘው፣ ዘመድ ዘው። በሆስፒታል ደግሞ መጋረጃውን እንኳ ማን እንደሚገልጠው አታውቁም። ከተኙ ወዲያ በሩ የእናንተ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው የለም። እነዚህ ልጆች ያስታውሳሉ። ጌታ ራሱ በዮሐንስ ራእይ «እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» ነው ያለው። ቁልፍ ስላለኝ እከፍታለሁ አላለም።

በር ላይ ሙሉ ነጥብ።

ቀጥሎ መታጠብ። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የአንድ የምሕረት አገልግሎት እውነተኛ ፈተና እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ምግብ ማምጣት ቀላል ነው። ስጦታ ማምጣት ቀላል ነው። የማያውቁትን ሰው ገላ ማጠብ ግን ለአጣቢውም ለታጣቢውም ከባድ ነው።

የምታጥበኝ ልጅ ወጣት ናት። መጀመሪያ ቀን «እማማ» አለችኝ። «እማማ አትበይኝ፣ እትዬ ይበቃኛል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ነኝ። ውኃውን በክንዷ ትለካና ቀጥላ በእኔ ክንድ ታስለካኛለች። «ይሄ ይስማማዎታል?» ትላለች። የምታጥበውን ክፍል ብቻ ትገልጣለች፤ የቀረውን በፎጣ ትሸፍናለች። ክንዴን ስትጨርስ ታደርቀዋለች፣ ትሸፍነዋለች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ራሴ ልታጠበው የምችለውን አታጥብልኝም። ጨርቁን ትሰጠኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ይሄ ፊት ማዞር! ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። «አያቴን ሳስታምም ነው የተማርኩት» አለችኝ። ስልጠና ላይ ግን አልተነገራትም። እዚህ ላይ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለአያት ዕድል መተው የለበትም። አያቱን ያላስታመመ ፈቃደኛ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ውስጥ ፋቢዮላ የምትባል ሀብታም ሴት ነበረች። ሀብቷን ሸጣ የሕሙማን ማደሪያ አቋቋመች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ399 ነው፤ ታሪኳን የጻፈው በጊዜው የነበረው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ጄሮም ነው። የሚገርመኝ ገንዘቧን መስጠቷ አይደለም። ሕሙማኑን በገዛ እጇ ተሸክማለች፣ ሌሎች ሊያዩት የማይደፍሩትን ቁስል አጥባለች ይላል። አገልጋዮች የነበሯት ሴት ናት፤ ማዘዝ ትችል ነበር። ጄሮም አንዳንዱ ሩኅሩኅ ሀብታም ምሕረቱን በገንዘቡ እንጂ በእጁ መሥራት እንደማይችል ሳይደብቅ ይናገራል። ሆዱ አይችልም። ይገባኛል። እኔም በሥራ ዘመኔ መታጠቢያ ቤት ሲሉት የሚሰወር ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

አልጋው ላይ እንምጣ። እዚህ ዓይኔ ምሕረት የለውም።

ልጆቹ አንሶላ ሲያነጥፉ መጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ አየሁ። ማዕዘኑን በደንብ አጠፉት፤ እኛ ሆስፒታል ኮርነር የምንለውን ማለቴ ነው። ቆንጆ፣ ጥብቅ፣ ሆቴል የመሰለ። ችግሩ ያ ነው። ለጤነኛ እንግዳ የተወጠረ አንሶላ ያምራል። ተኝቶ ለሚውል ሰው ግን ከእግር ጣቶች በላይ ላላ ያለ ቦታ መተው አለበት፤ አለዚያ የላይኛው አንሶላ ቀኑን ሙሉ ጣትን ይጫናል። ከሥር ያለው አንሶላ ደግሞ አንድም መሸብሸብ ሊኖረው አይገባም። ለእንግዳ መሸብሸብ የዓይን ጉዳይ ነው። ለማይንቀሳቀስ ሰው የቁስል መጀመሪያ ይሆናል። እርጥበትም እንደዚያው። ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ካለ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ያህል ጎን መቀየር የተለመደ ነው፤ ይህንን ከአስታማሚዎቹ ውስጥ የማያውቅ አላየሁም፣ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ነገርኳቸው። እግር ላይ እንዴት እንደሚላላ በእጄ አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የመጡት ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ግን አልጋውን እንደነገርኩት አነጠፉት። መዝገብ አላቸው ማለት ነው። ወዲያው ይቅር አልኳቸው።

አሁን ወደ ወቀሳው።

ከሚመጡት ሰዎች መካከል ንግግር የሚወዱ አሉ። አንድ ሰውዬ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይህንን ያመጣው ምን ሊያስተምርሽ ይመስልሻል?» አሉኝ። ደረጃ ላይ መብራቱ ተቃጥሎ ነበር አልኳቸው። መልሱ አላረካቸውም። ወደ ትዕቢት፣ ከትዕቢት ወደ ተግሣጽ ሄዱ። ወደ ሽንት ቤት ልሂድ ስላልኩ ብቻ ነው ያቆሙት።

መጽሐፈ ኢዮብን አንብቡት። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ ከእነርሱ የተሻለ ጠያቂ የለም። ጥፋታቸው የጀመረው ለምን እንደታመመ ሊያስረዱት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣውም በእነርሱ ላይ ነው። አገልግሎቱ ለፈቃደኞቹ አንዲት መመሪያ ብቻ ቢጨምር ይህቺ ትሁን እላለሁ፦ ካልተጠየቃችሁ ምክንያት አትስጡ። አስተባባሪዋ ቅሬታዬን ሰምታ ሰውዬውን መድኃኒት ወደ ማመላለስ ሥራ አዛወረቻቸው። በዚያ ሥራ የሚያክላቸው የለም። አንድም ቀን አሳስተው አላመጡም። ሰው በቦታው ላይ ሲቀመጥ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ወቀሳ ፎቶ ነው። አንድ ቀን ከቡድኑ ጋር አንድ ወጣት መጣ። «እትዬ፣ ለገጻችን አንዲት ፎቶ ብናነሳስ? ሌሎች እንዲበረታቱ ነው» አለ። ፀጉሬ አልተበጠረም። ቢበጠርም አልፈቅድም ነበር። «እኔ ማበረታቻ አይደለሁም፣ ታማሚ ነኝ» አልኩት። ልጁ ደነገጠ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ክፋት የለውም። በዚህ ዘመን ያልተቀረጸ ነገር የተደረገ አይመስላቸውም።

ግን ነገሩ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጌታ በተራራው ስብከት ምጽዋት ስታደርግ በፊትህ መለከት አታስነፋ፣ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሏል። በማቴዎስ 25 ላይ ደግሞ ጻድቃኑ «ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ? ታመህ አይተን መቼ መጣንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አያስታውሱትም። ምንም መረጃ አልያዙም። ፎቶ ቢኖራቸው ኖሮ ያንን ጥያቄ አይጠይቁም ነበር።

ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ውስጥ ሚዘሪኮርዲያ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ምሥረታው እ.ኤ.አ. 1244 ተብሎ ይቆጠራል። ዛሬም አምቡላንስ ያንቀሳቅሳል። በድሮ ጊዜ አባላቱ ሕሙማንን ሲያመላልሱና ሙታንን ሲቀብሩ ፊታቸውን የሚሸፍን ቆብ ያለው ጥቁር ቀሚስ ይለብሱ ነበር። የተሸከመህ መኳንንት ይሁን አናጢ አታውቅም። ማንን እንደምታመሰግንም አታውቅም። ይህ ለተቀባዩ ትልቅ ዕረፍት ነው። ተኝታችሁ የማታውቁ አይገባችሁም፤ ማመስገን ያደክማል። ለእያንዳንዱ ሰው ፈገግ ማለት፣ ለእያንዳንዱ «ባትመጡ ምን ይውጠኝ ነበር» ማለት። ከሰዓት በኋላ ላይ ጉንጬ ያመኛል። ከመጡት ሁሉ የምወደው አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። ይገባል፣ ቆሻሻውን ያወጣል፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ያጠብቃል፣ «በሉ ደኅና ይዋሉ» ብሎ ምስጋናዬን ሳይሰማ ይወጣል።

የፎቶውን ነገር ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ሕሙማንን ማንሳት ቀርቷል።

ቀጥሎ የምጽፈውን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ አስቤበታለሁ። የሐሙስ ጉዳይ ነው።

አስተባባሪዋ ደወለችና «እትዬ፣ አሁን በመደገፊያው መሄድ ስለጀመሩ የሐሙሱን ሰዓት ለሌላ ሕመምተኛ ብንሰጠው ይከፋዎታል? እዚያው እርስዎ ሕንጻ ላይ ነው» አለችኝ። ስም አልጠራችም። ግን አወቅሁት። ከእኔ ታች የሚኖር ሰውዬ ነው። ከዓመታት በፊት ገንዘብ አበድሬው ክዶኛል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ትንሽ ገንዘብ አልነበረም።

ብዙ ሰው ስለ ምሕረት ሲያወራ «ተይው፣ ምን አላት» ይላል። እኔ ይህንን አልወድም። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ምሳሌ እንየው። አንድ ባሪያ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ አለበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር ደግሞ፣ በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 20 እንደምናየው፣ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ስታባዙት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይመጣል። ይህ ሁሉ ተማረለት። ሲወጣ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አገኘና አንቆ ያዘው። ሰባኪዎች እዚህ ሲደርሱ «በጥቂት ሳንቲም» ይላሉ። ጥቂት አይደለችም! የመቶ ቀን ደመወዝ ናት። እስኪ የመቶ ቀን ደመወዛችሁን ያስቀራችሁን ሰው አስቡት። ጌታ የተበደለው ሰው ዕዳ ምንም አይደለም አላለም። ዕዳው እውነተኛ ነው፣ ያማል። ከ60 ሚሊዮኑ ጎን ሲቆም ነው ትንሽ የሚሆነው። ምሕረትም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሒሳቡ ዜሮ ከሆነ የሚማር ነገር የለም።

«ስጡት» አልኳት። ደስ ብሎኝ አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ነው።

ለግምገማው የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ከታች ሲወጡ አልፎ አልፎ እኔ ጋ ብቅ ይላሉ። ጠጋ አልኳቸው። «እንዴት ነው ሰውዬው? ተሻለው? ሰው ይመጣለታል?» አልኳቸው፣ አዛኝ መስዬ። አንዷ ልጅ ፈገግ ብላ «እትዬ፣ የእርስዎን ለእሳቸው ስንነግር ሰምተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ። የእንግዳን ነገር ከክፍል ወደ ክፍል የማያዞር ሠራተኛ ወርቅ ነው። በምስጢር አያያዝ ሙሉ ነጥብ፣ ምንም እንኳ እኔን ባይመቸኝም።

ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሕንጻው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆቹም ሳይሰሙ አልቀሩም። ያም ሆኖ የእኔን ያህል ሰዓት ይሰጡታል፣ የእኔን ያህል ያጥቡታል። ሲወጡ እጃቸው ላይ ያለውን የሳሙና ሽታ አውቀዋለሁ፣ ያው ሳሙና ነው። መልካም ሰውን ብቻ የሚያስታምም ድርጅት ቢሆን ኖሮ የምገመግመው ሌላ ነገር ነበር።

ከፊት የሚታዩት ልጆች ናቸው፤ አገልግሎቱን ደግፎ ያቆመው ግን ከጀርባ ያለው ሥራ ነው። ደጉ ሳምራዊ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው መንገድ ላይ ጎንበስ ያለውን ሰው ነው። እኔ በሙያዬ ምክንያት ዓይኔ የሚሄደው ወደ እንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ነው። እስኪ አስቡት። በምሽት አንድ ሰው ደም የነካው ቁስለኛ በአህያ ጭኖ ይመጣል። ቁስለኛው ስሙ አይታወቅም። ስንት ቀን እንደሚቆይ አይታወቅም። ሳምራዊው ሌሊቱን ራሱ አስታመመው፣ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለና «ጠብቀው፥ ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ሄደ። ሄደ! የራሱ ጉዳይ አለው። ሒሳቡን ክፍት አድርጎ፣ በቃሉ ብቻ። ጠባቂውም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ፋሻውን የቀየረ፣ ውኃ ያሞቀ፣ አልጋውን ያጠበ ማን ነው? ቤቱ ነው። መንገደኛ ምሕረት ይጀምራል፤ የሚያስቀጥለው ቤት ከሌለ ቁስለኛው በሦስተኛው ቀን ወደ መንገድ ይመለሳል።

የቂሳርያው ጳጳስ ባስልዮስ ይህ ገብቶታል። በዛሬዋ ቱርክ፣ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ370ዎቹ ለእንግዶች፣ ለድሆችና ለሕሙማን፣ በተለይም ለለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ አዲስ ከተማ ብሎ ነው የጠራው። ባስልዮስ ራሱ ስለዚሁ ቦታ ለአገረ ገዥው የጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለ ፍቅር ብዙ አያወራም። አስታማሚዎች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት እንስሳት፣ አጃቢዎች እያለ ይዘረዝራል። የጭነት እንስሳት! ያንን ሳነብ ይህ ሰው ቤት ያስተዳድራል አልኩ።

የእኛዎቹም በዚህ ጥሩ ናቸው። አስተባባሪዋ ደብተር አላት፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ይዞ። ነርስ የሚያስፈልገው ነገር ላይ ፈቃደኞቹ አይነኩም። ቁስሌ ትንሽ ቀላ ሲል ልጅቷ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብላ ወዲያው ለነርሷ ደወለች። የማያውቁትን አለመንካትም ርኅራኄ ነው። ድክመታቸው ተተኪ የሌላቸው መሆኑ ነው። የተመደበው ሰው ከቀረ ቀርቷል ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት የሚመጡት ሳይመጡ ቀሩ፤ አስተባባሪዋ ይቅርታ ለመጠየቅ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድ እግሬ ካልሲ ነበርኩ። ይቅርታው ከልብ ነው፣ ግን ይቅርታ እግር አያሞቅም። ሆቴል ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቀን ተጠባባቂ ሠራተኛ ይመደባል። እዚህም አንድ ሰው በቂ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ቤቱ የሚቀመጥ።

ለማን እንደሚሆን ልናገር። ብቻውን ለሚኖር፣ ከሆስፒታል ለወጣ፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት እርዳታ ለሚበቃው ሰው በጣም ጥሩ ነው። ሌት ተቀን ሰው ለሚያስፈልገው ግን አይበቃም፤ እነርሱም ከመጀመሪያው ይህንን በግልጽ ይነግሯችኋል። ስትደውሉ የሚያስፈልጋችሁን በትክክል ተናገሩ። «ምንም አይደል፣ የተመቻችሁን» አትበሉ። እነርሱም ይቸገራሉ፣ እናንተም ካልሲ አታገኙም። ገላ መታጠብ የምትፈልጉ ከሆነ የጠዋቱን ቡድን ጠይቁ፤ የከሰዓቱ ወሬ ይበዛበታል።

ትልቁን ወቀሳ ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። እሁድ አይመጡም።

ምክንያታቸው ይገባኛል። እሁድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘማሪው እዚያ፣ አስተናባሪው እዚያ፣ አጣቢዋ ልጅ እዚያ። እኔ ግን እሁድ ዳሌዬ አይድንም። በሳምንቱ ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው ቀን እርሱ ነው። ማቴዎስ 12 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት ተርበው እሸት ቀጠፉ፤ ፈሪሳውያን ከሰሷቸው። ጌታ ከሆሴዕ ጠቅሶ የመለሰው «ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትንም አይደለም» ብሎ ነው። የተናገረው ስለ ሰንበት ሲከራከሩት ነው! ከዚያም በሰንበት እጁ የሰለለውን ሰው ፈወሰ። ስለዚህ ይህንኑ ጥቅስ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ የእሁድ ተራ ዝርዝር ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ይህንን ሁሉ ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ፣ በደብተሯም ጻፈችው። ለአገልጋዮቹ ስብሰባ እንደምታቀርበው ቃል ገብታልኛለች። ስብሰባው እሁድ ነው።